ስፒከር ለመግዛት ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ይህን ልጅ አማክሩት

ዛሬ በአደባባይ የማመሰግነው ሰው አለኝ። መገናኛ አካባቢ ቴፕና አምፕሊፋየር የሚጠግን ልጅ ነው። ስሜን አታውጣ ስላለኝ ስሙን አልጽፍም።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ቀሪ ዕድሜዬን ሙዚቃ የምሰማበት አንድ ደህና ስፒከር እንዲኖረኝ እመኝ ነበር። ከዚህ በፊት ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት» የሚል ሆም ቲያትር ገዝቼ፣ በዓመቱ ድምፁ ሲሰነጠቅብኝ ያየልኝ ይኸው ልጅ ነው። ያኔ የሚሠራው ፒያሳ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ነው ወደ መገናኛ የሄደው። ዕቃውን ገልብጦ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ከሶኬት የሚወስደው 120 ዋት ነው። 3000ውን ከየት ያመጣዋል?»

ዘንድሮ ስሄድበት ያለውን ሊሸጥልኝ አልተጣደፈም። «በቃልዎ የሚያውቁትን ሙዚቃ ይዘው ይምጡ» አለኝ። አንድ የጥላሁን ገሠሠ ሲዲና አንድ የማሲንቆ ቅጂ ይዤ ሄድኩ። ሦስት ጥንድ ስፒከር እያፈራረቀ አሰማኝ። በቀየረ ቁጥር ቮልዩሙን እኩል ያደርጋል። ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ስለሚመስል፣ ጆሮዬ እንዳይታለል ብሎ ነው። በሁለቱ ማሲንቆው ዜማ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ግን ጭራው ከጭራ ሲፋተግ፣ ደጋኑ ሲመለስ ሁሉ ይሰማል። እዚያው ወሰንኩ።

ያገለገለ ያማሃ ነው። ከመክፈሌ በፊት ሽፋኑን አውልቆ የዎፈሩን (ቤዙን የሚያወጣውን የትልቁን ክብ) ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰው። ጠርዙ ፎም ከሆነ 15፣ 20 ዓመት ሲሞላው እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል አለኝ። የዚህኛው ጎማ ነው፤ ጎማ ይቆያል። ብሉቱዙም አምፕሊፋየሩም አብሮ የተገጠመበትን ያልመረጠልኝም በምክንያት ነው። እንዲያ ዓይነቱ አንድ ነገሩ ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ይጣላል። የእኔው ግን እንጨት፣ ማግኔትና ሽቦ ነው። መብራት እየተዋዠቀ አምፕሊፋየሩን ቢያቃጥለው እሱን ቀይሬ ስፒከሬን ይዤ እቀጥላለሁ። ከያዝኩት ብርም ግማሹ ተረፈኝ።

ቤት ወስጄ ስከፍተው ቤዙ የለም። ቅር አለኝ። ደወልኩለት፣ ማታ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሽቦዎቹን ከአምፕሊፋየሩ ነቀለና ከኪሱ አንድ የባትሪ ድንጋይ አወጣ። የሁለቱንም ጫፍ በየተራ ነካ ነካ አደረገ። የአንዱ ዎፈር ወደ ውጭ ብቅ አለ፣ የሌላው ወደ ውስጥ ገባ። ለካ የአንዱን ቀይና ጥቁር አዛብቼ ኖሯል ያሰርኩት። አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሽቦውን አስተካክሎ፣ ስፒከሮቹንም ከጥግ አውጥቶ፣ ስቀመጥ ከጆሮዬ እኩል እንዲሆኑ አደረጋቸው።

ልከፍለው ስል «ጋሼ፣ ለዚህ ደግሞ?» አለና ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። እኔና ባለቤቴ ያን ምሽት እራት የበላነው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። እሷ ሳሎን መጥታ እንዲህ ቁጭ ብላ ሙዚቃ ስትሰማ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የምትወዱትን ሙዚቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።