ኢጓናው አለ፣ ጥርኙ የታለ? የጅማው የልዩ እንስሳት አያያዝ ስልጠና ሲገመገም

ጅማ ላይ ለእንስሳት ጤና ረዳቶችና ቴክኒሻኖች የሚሰጠው ይህ አጭር ስልጠና የሚያተኩረው ከከብት፣ ከበግና ከዶሮ ውጭ ባሉት ላይ ነው፤ ጥንቸል፣ ኤሊ፣ በቀቀን፣ ጦጣ። ጠዋት ንድፈ ሐሳብ፣ ከሰዓት ተግባር። ገንዘብ የሚከፈልበት ተግባሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጠዋቱ ክፍል ግማሹ ከውጭ አገር መማሪያ እንዳለ የተወሰደ ስለሆነ ኢጓና (ትልቅ የውጭ አገር እንሽላሊት) ላይ የሚባክነው ሰዓት ያናድዳል። ጅማ ውስጥ ኢጓና ታቅፎ ክሊኒክ የሚመጣ ማን አለ?

ከሁሉ የላቀው የመድኃኒት አሰጣጥ ክፍል ነው። አይቨርሜክቲን ከየክሊኒኩ መደርደሪያ የማይጠፋ፣ ለከብት ትልና እከክ እጅ የለመደው መድኃኒት ነው። ለኤሊ ግን መርዝ ነው። ወደ አንጎሏ ዘልቆ ይገባል፤ እግሮቿ ይዝላሉ፣ ቀጥሎ ትንፋሿ ይቆማል፤ ማርከሻም የለውም። አሰልጣኞቹ ይህን ደጋግመው ማንሳታቸው ተገቢ ነው። መዥገር ከሆነ በፒንሴት ከሥሩ ይዞ መንቀል፣ ትል ከተጠረጠረ ደግሞ ሰገራዋን በማይክሮስኮፕ አይቶ ለሐኪሙ መንገር ነው። መርፌ ከታዘዘም ከፊት እግሯ ላይ ይወጋል። ከኋላ አካሏ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል፣ ኋላ እግር ላይ የተወጋው መድኃኒት ኩላሊቷን ሊጎዳ ወይም ሳይሠራ ሊወጣ ይችላል።

ሚዛን ሳይዙ መድኃኒት መቅዳት የለም፤ ይህም በደንብ ተሠርቶበታል። «በዓይን ግምት» በሬ ላይ ትንሽ ቢያዛንፍም ይታለፋል፣ ወፍ ላይ ግን ይገድላል። 50 ግራም የምትመዝን ወፍ ጠቅላላ ደሟ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ጤነኛ ብትሆን እንኳ ከ0.5 ሚሊ ሊትር በላይ ደም አይቀዳላትም። ተሳታፊዎቹ በግራም ሚዛን መዝነው፣ መጠኑን አስልተው፣ በኢንሱሊን ሲሪንጅ እየቀዱ ይለማመዳሉ። ለከብት የተሠራ መድኃኒት 0.1 ሚሊ ሊትሩን በ0.9 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ማቅጠንም ያሳያሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተዘልሏል፤ የማይቀጥን መድኃኒትም አለ። ለብዙ ቀን እንዲቆይ የተሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ውኃ ሲገባበት ባሕርዩ ይለወጣል፣ ትንሽ እንስሳ ላይም የተወጋበትን ሥጋ ያበሰብሳል።

የወፍ አያያዙ እጅ በእጅ ስለሚታይ ጥሩ ነው። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። አጥብቆ የያዛት ሰው ሳያውቀው ያፍናታል። ስለዚህ ጭንቅላቷ ከመንጋጋዋ ግራና ቀኝ በሁለት ጣት ይያዛል፣ ክንፎቿ በስስ ፎጣ ይጠቀለላሉ፣ ደረቷ ነፃ ይሆናል። ለጫጩት የሚሰጠው ገንፎ 39 እና 40 ዲግሪ መካከል ይሁን። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ከአንገቷ ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ይቦካል፣ ሲግል ደግሞ ከረጢቱን ያቃጥላል። ቴርሞሜትሩ የሚነከረው በደንብ ከተማሰለ በኋላ ነው፤ ላዩ ለብ ብሎ መሃሉ ሊያቃጥል ይችላልና።

ጥንቸሏ ላይ ብዙ የሚባል የለም፣ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፦ ስትነሳ ቂጧ ይደገፍ፣ አለዚያ ስትራገጥ የራሷን ወገብ ትሰብራለች፤ ማስታወክ ስለማትችል ከቀዶ ሕክምና በፊት አትጹም፤ 12 ሰዓት ካልበላች አስቸኳይ ነው፤ አሞክሲሲሊን በአፍ አይሰጣትም፣ የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ጨርሶ በተቅማጥ ይገድላታል።

የኤሊ ሙቀት ትምህርቱ ግን መብራት የማይጠፋበት አገር የተዘጋጀ ነው። ልዩ አምፖል፣ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ)፣ የመስታወት ሣጥን። በክረምት መብራት ሲሄድ ምን ይደረግ የሚል አንድ ገጽ እንኳ የለም። ኤሊ የራሷን ሙቀት ስለማታመነጭ ስትቀዘቅዝ መድኃኒቱም በወጉ አይሠራላትም፤ በዚያ ላይ ምግብ በግድ ቢሰጧት ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፦ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከካርቶኑ አንድ ጎን ማስቀመጥ (ሲሞቃት ወደ ሌላው ጎን እንድትሸሽ)፣ በቀን አንዴ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ በሞቀ፣ ከአገጯ በማያልፍ ውኃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ማቆየት። አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ዘርግታ የምትተነፍስ ከሆነ ግን መዘፍዘፉ ቀርቶ ሐኪም ይጠራ።

ትልቁ ቅሬታ ጥርኝ ነው። ከጥርኝ የሚፋቀው ዝባድ (ለሽቶ የሚውል ቅባት) በብዛት የሚወጣው ከዚሁ ከምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኦሮሚያ ነው፤ ስልጠናው ግን በአንድ ስላይድ አልፎታል። ረዳቱ ሊያውቀው የሚገባው ብዙ ነበር፦ በየጊዜው ዝባድ ሲፋቅ የሚቆስለው ከረጢት፣ በእንጨት ጎጆ ፍርግርግ የሚላጥ አፍንጫና የሚሰበር ጥርስ፣ ከተያዘ በኋላ ምግብ አልቀምስ ማለት። ጎጆው በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል፣ ትንፋሹ ከርቀት ይቆጠራል፣ እጅ በፍርግርግ አይገባም። ማደንዘዣው የሐኪሙ ነው፤ ትንፋሽና ሙቀት እየለካ መመዝገብ የረዳቱ። ከነከሰ ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ጦጣም እንዲሁ ናት፤ በዚያ ላይ ሳንባ ነቀርሳ ከእኛ ወደ እሷም ከእሷ ወደ እኛም ስለሚተላለፍ ማስክ ግዴታ ነው።

ሕጉም ተድበስብሷል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይጠቀሳል፣ ያለ ፈቃድ የተያዘ ጦጣ ክሊኒክ ሲመጣ ረዳቱ ምን እንደሚያደርግ ግን አይነገርም። ከሕገወጥ ይዞታ የወጡ እንስሳት የሚያገግሙበት «እንሰሳ ኮቴ» የተባለ ማዕከል ሆለታ አካባቢ መኖሩም አልተነሳም።

ለክሊኒክ ረዳት፣ የመድኃኒቱና የአያያዙ ክፍል ብቻውን ክፍያውን ይመልሳል። ጥርኝ ላይ ለመሥራት ያሰበ ግን ሌላ ይፈልግ። የምትመዘገቡ ከሆነ የግራም ሚዛንና በልካችሁ የሆነ ወፍራም ጓንት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ያለው ጓንት አንድ ልክ ብቻ ነው፣ ትንሽ እጅ ላላት ሰው ይወልቃል።