ለጥቁር መኪና የሚሆን የፖሊሽ ማሽን፦ ሮታሪ፣ ዱዋል አክሽን ወይስ በማርሽ የሚሽከረከረው?

ጥቁር ቀለም ጉድለቱን የሚያጋልጠው የግድ ከሌሎች ቀለሞች ስለሚለሰልስ አይደለም። ፖሊሽ የተደረገ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ላይ የሚቀሩ እጅግ ደቃቅ ጭረቶች ያረፈባቸውን ብርሃን ወደየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ ነጭ ወይም ብርማ መኪና ላይ ይህ የተበተነ ብርሃን ከቀለሙ ከሚመለሰው ጋር ስለሚቀላቀል ዓይን አይለየውም፣ ጥቁር ላይ ግን ከሥር የሚመለስ ብርሃን ከሞላ ጎደል ስለሌለ የተበተነው ሁሉ ግራጫ ጭጋግ ሆኖ ብቻውን ይታያል። ስለዚህ ለጥቁር መኪና ማሽን የሚገዛ ሰው ጭረትን በፍጥነት የሚያነሳው የትኛው ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ የትኛው ሥራውን ሲጨርስ የራሱን ምልክት አይተውም ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሮታሪ ፓዱን፣ ማለትም ክሊሩን የሚፈገፍገውን ክብ ስፖንጅ ወይም ሱፍ፣ በአንድ ማዕከል ዙሪያ ብቻ ያሽከረክራል፤ ፍጥነቱም በአብዛኛው በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ነው። በኮምፓውንዱ (ጭረት ለማንሳት ፓዱ ላይ በሚደረገው ፈሳሽ) ውስጥ ያሉት ፈጪ ቅንጣቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ፣ የሚተዉት ጭረት ቅስት እየሠራ ይደረደራል፣ ፀሐይ ሲያገኘውም ተመልካቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ የሚንቀሳቀስ ሆሎግራም ይፈጥራል። በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ክሊርን መልሶ ለማብረቅ ወይም ጥልቅ ጭረት ለማንሳት ከሮታሪ የሚፈጥን የለም። ነገር ግን ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ያከማቻል፤ የፋብሪካ ክሊር ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) አካባቢ ብቻ መሆኑንና በኮፈን ጠርዞች ላይ ከዚያም ሊሳሳ እንደሚችል ላስተዋለ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሠለጠነ እጅ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትና በለስላሳ ስፖንጅ ሮታሪም ጥቁርን ያለ እንከን ሊጨርስ ይችላል። ያንን እጅ ለማግኘት ግን ብዙ መኪና መሥራት ስለሚጠይቅ፣ የራሱን አንድ መኪና ብቻ ለሚይዝ ሰው ሮታሪን እንደ መጀመሪያ ማሽን አልመክርም።

ዱዋል አክሽን ሁለት እንቅስቃሴ አለው፤ ፓዱ በራሱ ማዕከል ይዞራል፣ ማዕከሉ ራሱ ደግሞ ሌላ ትንሽ ክብ እየሠራ ይሄዳል። ቅንጣቶቹ አንድ መንገድ ስለማይደጋግሙ ሆሎግራም አይተዉም ማለት ይቻላል። የትንሿ ክብ ስፋት ኦርቢት ይባላል፣ በሚሊሜትርም ይለካል፤ 8፣ 15 እና 21 በብዛት የሚገኙት ናቸው። የጣሊያኑ ሩፔስ በ15 እና በ21 ሚሊሜትር ማሽኖቹ ረጅም ኦርቢትን ካስለመዱት አምራቾች አንዱ ነው። 21 ሚሊሜትሩ እንደ ኮፈንና ጣሪያ ያለውን ሰፊና ዝርግ ቦታ በፍጥነት ይጨርሳል፣ ነገር ግን ፓራውልት ላይ ወይም በመስኮቶች መካከል ባለው ጠባብ ምሰሶ ላይ ሲደርስ ያስቸግራል። አንድ ማሽን ብቻ ለሚገዛ 15 ሚሊሜትሩ የተሻለ ምርጫ ነው።

የዱዋል አክሽን ድክመት ፓዱ በነጻ የሚዞር መሆኑ ነው፤ ከመጠን በላይ ሲጫኑት ወይም ጉብ ያለ ቦታ ላይ ሲያጋድል ዙሩን ያቆማል፣ ማሽኑ ግን መንቀጥቀጡን ስለሚቀጥል ሠራተኛው ላያውቀው ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ፓዱ በሚለጠፍበት ሳህን ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ ወፍራም መስመር ማስመር ይበቃል። መስመሩ እየዞረ ከታየ ሥራው እየተሠራ ነው፣ አንድ ቦታ ቆሞ የሚርገበገብ ከሆነ ግን ጫናውን መቀነስ ወይም ፓዱን በትክክል ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዓይነት ሁለቱንም እንቅስቃሴ በማርሽ የሚያስገድድ ነው፤ የጀርመኑ ፍሌክስ ኤክስሲ 3401 በ8 ሚሊሜትር ኦርቢቱ የታወቀው ምሳሌ ነው። ፓዱ ጉብታ ላይም ቢሆን አይቆምም፣ የማንሳት ኃይሉም ወደ ሮታሪ ይጠጋል። በአንጻሩ ማሽኑ እጅን ወደ ጎን ይጎትታል፣ ሙቀቱም ከነጻው ይበልጣል፤ ለስላሳ ክሊር ባለው ጥቁር መኪና ላይ ማጠናቀቂያውን በእሱ መሥራት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀለማቸው ጠንካራ የሆኑ መኪኖችን አዘውትሮ ለሚሠራ ጋራዥ ይስማማል። ማሽኑ በባትሪ ይሁን በገመድ መሆኑ ከጭጋግ ጋር ግንኙነት ስለሌለው፣ ገዢው ለእጁ የሚመቸውን ይምረጥ።

የእኔ አቋም ግን የማሽኑ ልዩነት ከፓዱ ልዩነት ያነሰ ነው የሚል ነው። ሱፍ ከሁሉም በላይ ያነሳል፣ ከሁሉም በላይም ምልክት ይተዋል። ማይክሮፋይበር በዱዋል አክሽን ላይ ጥሩ ኃይል አለው፤ ሆኖም ክሩ ራሱ ለስላሳ ክሊርን ስለሚጭር፣ ምንም ያህል ደቃቅ ፈሳሽ ቢደረግበት ጥቁር ላይ ቀጭን ጭጋግ ሊተው ይችላልና ከእሱ በኋላ በስፖንጅ መድገም የግድ ነው ብሎ ማሰብ ይገባል። ስፖንጅ ሲገዙ በቀለሙ መመራት ያሳስታል፤ የአንዱ አምራች ለስላሳ የሌላው ጠንካራ ሆኖ በአንድ ዓይነት ቀለም ሊመጣ ስለሚችል፣ ማየት የሚገባው የአምራቹን መግለጫ ነው። ከአንድ ውድ ፓድ ይልቅ ተመሳሳይ የሆኑ ሦስት ወይም አራት መካከለኛ ፓዶች ይጠቅማሉ፣ ምክንያቱም በተፈገፈገ ክሊርና በደረቀ ፖሊሽ የታጨቀ ፓድ ራሱ ጭጋግ ይሠራል። (ማሽን ሻጮች ይህን ምክር ሲሰጡ እምብዛም አይሰማም፤ ፓድ ከማሽን ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ቢናገሩት ይጠቅማቸው ነበር።)

ፈሳሹም ሁለት ዓይነት ነው። ቅንጣቶቹ እየተሰባበሩ የሚደቁ ፖሊሾች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የሜንዘርና ምርቶች፣ እስኪደቁ ድረስ መሠራት አለባቸው፤ በግማሽ ከተተዉ ጭጋጉ ይቀራል። እንደ ሜጓየርስ ኤም 205 ያሉት ደግሞ ቅንጣታቸው ብዙም ስለማይለወጥ የሚያነሱት በፓዱ፣ በጫናውና በጊዜው ልክ ነው፤ እነዚህን ፈሳሹ እስኪደርቅ መግፋት ራሱ ምልክት ያወጣል። ለጀማሪ ሁለተኛው ዓይነት ይቀላል። ሁሉን በአንድ ተብለው ሰም የተቀላቀለባቸው ምርቶች ጭጋግን ከማንሳት ይልቅ ሊሸፍኑት ስለሚችሉ፣ ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ተመልሶ ይወጣል፤ ለሚሸጥ መኪና ይበቃሉ፣ ለሚቆይ መኪና ግን አይመከሩም።

እንግዲህ ጥቁር መኪናውን ራሱ ለሚሠራ ሰው የምመርጠው ባለ 15 ሚሊሜትር ዱዋል አክሽን ከ125 ሚሊሜትር ሳህን ጋር፣ መካከለኛና ለስላሳ ስፖንጆች፣ እንዲሁም አንድ መካከለኛና አንድ ደቃቅ ፖሊሽ ነው። ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሳንቲሜትር የሚያህል ቦታ ከልሎ በለስላሳው መጀመርና ካልበቃ ብቻ ወደ መካከለኛው ማለፍ ክሊሩን ያተርፋል። የተሠራውን ቦታ በውኃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ፣ ጣሪያ ላይ በተዘረጋ ሰፊ መብራት ሳይሆን በአንድ ነጥብ በሚያበራ ባትሪ ወይም በፀሐይ ማየት ያስፈልጋል፤ ፖሊሹ የሚተወው ዘይት ካልተጠረገ ጭጋጉ ተደብቆ ይቆያል። ከዚህ በኋላም ጭጋግ ከታየ አዲስ ማሽን ከመግዛት በፊት በቅደም ተከተል የሚሞከሩት ንጹሕ ፓድ፣ የቀነሰ የፖሊሽ መጠን፣ ዝቅ ያለ ፍጥነት ከማሽኑ ክብደት ያልበለጠ ጫና ጋር፣ በመጨረሻም አንድ ደረጃ የለሰለሰ ስፖንጅ ናቸው።