የአንድ ሴሚስተር የውጭ አገር ትምህርት ልውውጥ፤ ዋጋውና ጥቅሙ ከደብረ ብርሃን ሆኖ ሲመዘን

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ኢራስመስ ፕላስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት መርሐ ግብር አማካይነት ለአንድ ሴሚስተር የሚሰጠውን የተማሪዎች ልውውጥ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገችውና ከሰሜን ሸዋ ውጭ በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የምታጠናው የእኅቴ ልጅ በዚሁ መንገድ ጀርመን አገር አንድ ሴሚስተር ተምራ ተመልሳለች። ከማመልከቻው ጀምሮ ውጤቷ አገር ቤት እስኪመዘገብ ድረስ የወረቀቱንም የገንዘቡንም ጉዳይ የተከታተልኩት እኔ ነኝ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ትምህርቱ ከተነገረለት በላይ ነው፤ «ሙሉ ወጪው የተሸፈነ» የሚለው ማስታወቂያ ግን እውነት የሚሆነው ተማሪው እዚያ ደርሶ ከተደላደለ በኋላ ነው። ከጉዞ በፊት ያለውንና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚሸፍነው ቤተሰብ ነው፤ ይህን አውቆ የገባ ቤተሰብ ይጠቀማል፣ ሳያውቅ የገባ ደግሞ ይበደራል።

መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር 11 የአውሮፓ አገሮችን ብቻ ያቀፈ ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት የተንቀሳቀሱት ተማሪዎችም 3,244 ነበሩ። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ አገሮች ተማሪዎች በአጭር ጊዜ ልውውጥ እንዲሳተፉ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ነው። አሠራሩ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ አስቀድመው ስምምነት ይፈራረማሉ፤ ተማሪው ከሁለት እስከ 12 ወር ሊቆይ ይችላል፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት፣ የምዝገባ፣ የፈተና፣ የላቦራቶሪም ሆነ የቤተ መጻሕፍት ክፍያ አይጠይቅም። ወርኃዊው ድጎማ እንደ አገሩ የኑሮ ውድነት በሦስት እርከን የተከፈለ ሲሆን፣ እንደ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ላሉት 900 ዩሮ፣ እንደ ስፔንና ቼክ ላሉት 850 ዩሮ፣ እንደ ፖላንድና ሃንጋሪ ላሉት ደግሞ 800 ዩሮ ነው። የጉዞው ገንዘብ በርቀት ተሰልቶ ለብቻው ይታከላል።

ከዚህ አሠራር ውስጥ ወላጆች ደጋግመው የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። ይህ ልውውጥ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ላይ የቆመ ስለሆነ ተማሪው በግሉ ሊያመለክት አይችልም፤ ዩኒቨርሲቲው ካልተፈራረመ ዕድሉም የለም፤ ከተፈራረመ ደግሞ ምርጫው የሚካሄደው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም «የልውውጥ ቦታ አለን» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቢሮ እኅቴን «ቦታ ማስያዣ» ክፈይ ብሏት፣ ልጅቷ በራሷ ዩኒቨርሲቲ በኩል መመረጧን ከሰማ በኋላ እንኳ «ቪዛውን እኛ እናፋጥነዋለን» እያለ ደጋግሞ ሲደውል ከርሟል። የቪዛ ቀጠሮን የሚሰጠው ኤምባሲው ነው፤ ደላላ አያፋጥነውም።

ከጉዞ በፊት ወዳለው ወጪ ስንመጣ፣ አንዱም በድጎማው ውስጥ እንዳልተካተተ መታወቅ አለበት። የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የትምህርት ማስረጃና የልደት ምስክር ወረቀት ማስተርጎምና ማረጋገጥ የራሱ ዋጋ አለው፤ የጀርመን የረጅም ጊዜ ቪዛ 75 ዩሮ ነው። በዩሮ የተተመነ ነገር ሁሉ ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲሰላ የሚያስደነግጥ ሆኗል፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሁሉ በላይ ግን የሰሜን ሸዋን ሰው የሚጎዳው መመላለሱ ነው። ኤምባሲዎቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ አሻራ በአካል ቀርቦ ነው የሚሰጠው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው ቢባልም ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ለሚነሣ ሰው ጉዞው ማደሪያ ይፈልጋል፤ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ወራት የተጠበቀ ቀጠሮ በአንድ ጠዋት ያመልጣል። ቀጠሮ የያዘ ሰው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቢገባ ይሻላል።

በዚህ ምዕራፍ መርሐ ግብሩ የሚመሰገንበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በግሉ ጀርመን ሄዶ መማር የሚፈልግ ሰው ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ ከፍሎ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ማስቀመጡን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ይህ ገንዘብ ከእኛ አካባቢ ላለ መምህር ወይም ገበሬ ቤተሰብ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። የልውውጥ ተማሪ ግን የድጎማ ደብዳቤውን ያቀርባል፤ ደብዳቤው ያንን ሁሉ ይተካል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ወር እንግባ፤ አብዛኛው ችግር የተከማቸው እዚህ ነው። ድጎማው የሚገባው ተማሪዋ በጀርመን በምትከፍተው የባንክ ሒሳብ ነው። ባንኩ ሒሳብ ለመክፈት የነዋሪነት ምዝገባ ወረቀት ይጠይቃል። ምዝገባው፣ በሕጉ መሠረት ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ መከናወን ያለበት ሲሆን፣ የአከራዩን የጽሑፍ ማረጋገጫ ይፈልጋል። አከራዩ ደግሞ ቁልፍ ከማስረከቡ በፊት የመጀመሪያውን ወር ኪራይና መያዣ ገንዘብ ይፈልጋል። እንግዲህ ገንዘብ ለማግኘት ገንዘብ መክፈል ግድ ሆነ ማለት ነው። ልጅቷ በአንድ ምሽት በቴሌግራም ደውላ «ጋሼ፣ ገንዘቡስ ተለቋል፤ እኔ ጋ ግን መድረሻ የለውም» ያለችኝ ለዚህ ነበር። እናቷ ከጎኔ ሆና «ተከፍሎላት ነው የምትሄደው ብለውን አልነበር እንዴ?» ስትል፣ መልሱ «አዎ፣ ግን ኋላ» የሚል ብቻ ነበር። የዕቁባችን ሰዎች ተራ ለውጠውኝ፣ ቪዛና ትኬት ለያዘ መንገደኛ ባንክ የሚሸጠውን ዩሮ አስቀድመን ገዝተን በእጇ ይዛ ባትሄድ ኖሮ እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንደምታልፍ አላውቅም። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ክፍያ በደረሰችበት ዕለት በእጅ ወይም በቅድመ ክፍያ ካርድ ቢሰጥ ምን እንደሚከብደው እስካሁን አልገባኝም።

ማንም አስቀድሞ ያልነገራት ሌላ ወጪ ደግሞ በፖስታ መጣ። ጀርመን አገር እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በወር 18.36 ዩሮ ይከፍላል፤ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም፣ ሬዲዮ ተከፈተም አልተከፈተ። ብዙ ሰው አብሮ በሚኖርበት ቤት ክፍያው ለቤቱ አንድ ስለሆነ ይካፈሉታል፤ ብቻውን ክፍል የያዘ ተማሪ ግን ሙሉውን ይችላል። ደብዳቤውን የማስታወቂያ ወረቀት መስሎት የጣለ የክፍል ጓደኛዋ የማስጠንቀቂያ ቅጣት ተጨምሮበታል። የጤና መድን ክፍያም እንዲሁ አስገዳጅ ነው። (ቅዝቃዜውን በተመለከተ የሚሰጠውን ምክር ግን ለደብረ ብርሃን ልጅ መዝለል ይቻላል፤ የከተማችንን ፋብሪካ ብርድ ልብስ በሻንጣ ይዛ ሄዳ የዶርሙ ልጆች ከየት እንደሚገዛ ይጠይቋት ነበር።)

ትምህርቱን በሚመለከት የማቀርበው ቅሬታ የለም ማለት ይቻላል። አገር ቤት ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ መሣሪያ የምታውቀው አንድ ቡድን ከብቦት፣ አንዱ ጎበዝ ሲነካው ሌላው ከትከሻ በላይ እያየ ማስታወሻ ሲጽፍ ነበር። እዚያ ሁለት ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ነው፤ ለቤተ ሙከራው የሚገባው ደግሞ የቅድመ ዝግጅት ጥያቄዎችን መልሶ የመጣ ብቻ ነው፤ ያልመለሰ ከበር ይመለሳል። የመጀመሪያ ሪፖርቷ የተመለሰላት ውጤቱ ተሳስቶ አልነበረም፤ የልኬቱን ስሕተት መጠን ሳትገልጽ በመቅረቷ ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሪፖርቱ መውደቁ በጣም አናዷት ነበር፤ ከተመለሰች ወዲህ ግን ታናናሾቿን የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ለፈተና መቀመጥ ራሱ በጊዜው መመዝገብን ይጠይቃል፤ ቀኑ ካለፈ፣ ትምህርቱን ሙሉ ሴሚስተር የተከታተለም ቢሆን፣ አይፈተንም። ይህን የሚያስታውስ አስተማሪ የለም፤ የተማሪው ኃላፊነት ነው።

ትልቁ ዋጋ የተከፈለው ግን ከተመለሰች በኋላ ነው። ልውውጡ የሚመካበት ሰነድ የትምህርት ስምምነት ይባላል፤ ተማሪዋ የምትወስዳቸው ኮርሶች በአንድ በኩል፣ አገር ቤት የሚተኩላት ኮርሶች በሌላ በኩል ተዘርዝረው፣ ሦስቱም ወገኖች ማለትም ተማሪዋ፣ ላኪውና ተቀባዩ ይፈርሙበታል። መለኪያው ኢሲቲኤስ የተባለው የአውሮፓ የኮርስ ክሬዲት ነጥብ ሲሆን አንድ ሙሉ ዓመት 60፣ አንድ ሴሚስተር 30 ነው፤ ይህን መለኪያ የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ከሞዱላር ሥርዓተ ትምህርት ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። ነገር ግን በላኪው ዩኒቨርሲቲ የፈረመው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ ነበር፤ የትምህርት ክፍሉ ደግሞ «እኛ አላየነውም» አለ። በዚህም ከወሰደቻቸው ኮርሶች ሁለቱ ርእሳቸው ከእኛ ጋር አይመሳሰልም ተብለው አልተያዙላትም። የቀን መቁጠሪያው አለመገጣጠም ሌላ ጣጣ ነው፤ የጀርመን የክረምት ሴሚስተር ከጥቅምት 1 እስከ መጋቢት 31 በፈረንጆች አቆጣጠር ይዘልቃል፤ ፈተናው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለሚሰጥ ተማሪዋ ስትመለስ የአገር ቤቱ ሁለተኛ ሴሚስተር ጀምሮ ነበር። የሁለቱ ድምር ምረቃዋን በአንድ ሴሚስተር አዘገየው። አንድ ሴሚስተር ዘግይቶ ሥራ መጀመር በደመወዝ ሲሰላ ከቪዛውም ከፓስፖርቱም የሚበልጥ ወጪ ነው፤ የትኛውም ብሮሹር ግን አይቆጥረውም።

ጥቅሙን ለማሳየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት ነው። በልውውጥ የተሳተፉ ተማሪዎች ከተመረቁ ከአምስት ዓመት በኋላ የሥራ አጥነት መጠናቸው ካልተሳተፉት በ23 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ 27 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የረጅም ጊዜ የፍቅር አጋራቸውን ያገኙት በዚያው ቆይታ ነው። (ሁለተኛውን ቁጥር ለእኅቴ አልነገርኳትም።) ጥናቱ ግን የተደረገው በአውሮፓውያን ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ወደ ልውውጥ የሚሄደው ቀድሞውኑ ጎበዝና ደፋር የሆነው ተማሪ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ያመጣው ልውውጡ ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ መደምደም ያስቸግራል።

ለእኛ የሚቀርበን ምስክር ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ አለ። የሲያደብሩ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ፤ አገራቸው ግን ኋላ የተጠቀመችባቸው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ነው። የአንኮበሩ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ የተመለሱት ሠዓሊ ሆነው ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽን የመስተዋት ሥዕልም ሠሩልን። ሁለቱም የሄዱት ለዓመታት እንጂ ለሴሚስተር አይደለም፤ ቢሆንም ላኪው ያቀደውና ተማሪው ይዞ የሚመለሰው አንድ እንደማይሆን በደንብ ያሳያሉ። የእኅቴ ልጅም ኤሌክትሮኒክስ ልትማር ሄዳ አሁን የምታወራው ስለ ልኬት ትክክለኛነትና ስለ መሣሪያ ፍተሻ ነው።

አይመለሱም የሚለው ስጋት በከተማችን ሁሌ ይነሣል። ፉልብራይት የተባለው የአሜሪካ የነጻ ትምህርት ዕድል ተማሪዎችን በሚያስገባበት የጄ-1 ቪዛ የተማረ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት ሳይቆይ የመኖሪያ ፈቃድ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ የአንድ ሴሚስተር ልውውጥ ግን ተማሪው ዲግሪውን የሚያገኘው አገር ቤት ስለሆነ የመመለሻው ምክንያት በውስጡ አለ። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ስሙ ልውውጥ ሆኖ የሚሄደው የእኛ ልጅ ብቻ መሆኑ ነው። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር ያላት የከተሞች ወዳጅነት እንደሚያሳየው፣ በጎ ፈቃድ ካለ እንግዳ ወደዚህም ይመጣል።

በነጥብ አስቀምጥ ብባል ለትምህርቱ ከአምስት አምስት፣ ለገንዘብ አከፋፈሉ ሁለት፣ ለአገር ቤቱ የውጤት አያያዝ አንድ እሰጣለሁ። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ እመክራለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ከትኬት በፊት ይሟላ፦ የትምህርት ስምምነቱ ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና የሬጅስትራር ፊርማ በኮርስ ኮርሱ ይኑር፤ ቤተሰብም ቢያንስ የአንድ ወር ተኩል መኖሪያ በዩሮ ያዘጋጅ። ለተመራቂ ዓመት ተማሪ አልመክርም። እርሱ ዲግሪውን ጨርሶ ኢራስመስ ሙንዱስ ለተባሉት የጋራ የማስተርስ ፕሮግራሞች ቢያመለክት ይሻለዋል፤ እዚያ የላኪ ዩኒቨርሲቲ ስምምነት አያስፈልግም፣ ድጎማው በወር 1,400 ዩሮ ነው፣ የሚመዘገብ የአገር ቤት ኮርስም የለም፤ ማመልከቻውን አብዛኞቹ የሚቀበሉት በፈረንጆቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው።