«360 ከ20 ያንሳል እንዴ?»

ይህን የምጽፈው ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ካሠለጠኑኝ ሰዎች ቢሮ ከወጣሁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ነገ እጽፈዋለሁ ብል ይበርድልኛል፤ ሲበርድልኝ ይሉኝታ ይይዘኛል፤ ከዚያ «ምን አለ፣ የአገር ሰው አይደሉም ወይ» ብዬ ግማሹን እተወዋለሁ። ስለዚህ እንደጋለ ይኸው።

ሻጩን ስሙን ሳልጠራም ታውቁታላችሁ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ በሐበሻ ሱቅ ከእንጀራው መደርደሪያ አጠገብ ተቆልሎ የምታዩት ባለቀለም ወረቀት የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ነጭ ጋውን የለበሱ ሦስት ወጣቶች ይስቃሉ፤ ከሥራቸው «የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ዝግጅት፣ በዋስትና!» ይላል። ስትደውሉለት ስለ ፈተናው ሳይሆን ስለ ትውልድ ቦታችሁ ይጠይቃችኋል። የመጀመሪያው ቀን በነጻ ነው፤ ቡናው ይፈላል፣ ድፎ ዳቦው ይቆረሳል። በሁለተኛው ቀን የቀሩት ቦታዎች ሁለት ብቻ ናቸው። መቼም ቢሆን ሁለት ናቸው።

እኔ ደግሞ ልጅ አይደለሁም። 33 ዓመቴ ነው። በሳምንት አምስት ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ እየሠራሁ የባዮሎጂ ዲግሪዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ለጫማ ስንት ሱቅ የምዞር ሰው 2,400 ዶላር ሳወጣ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ገንዘቡ እቁቤ ነበር፤ እጄ ላይ ሦስት ቀን አላደረም። በክሬዲት ካርድ ልክፈል ስላት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ በፈገግታ «ካርድ ተቆራጭ አለው፤ ለእርስዎ ብለን ነው፣ በዜል ይላኩልን» አለችኝ። ዜል ማለት ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ ገንዘብ በስልክ የሚላክበት ነው። ላክሁ። ለእኔ ብለው መሆኑን አምኜ አመስግኜአት ወጣሁ።

ያፈዘዘኝ ዋስትናው ነው። ሁለት ገጽ ውል ሰጡኝ፤ በአራተኛው አንቀጽ «ተማሪው ትምህርቱን በሙሉ ተከታትሎ በፈተናው ያገኘው የአካዳሚክ አማካይ ነጥብ ከ20 በታች ከሆነ ክፍያው በሙሉ ይመለስለታል» ይላል። ያቺን መስመር ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት። እሷም «እንግዲህ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምን እፈልጋለሁ?

ዲኤቲን ለማታውቁ፦ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው ነው፤ የሚያዘጋጀውም የአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ማህበር ነው። ለዓመታት ነጥቡ ከ1 እስከ 30 ነበር፤ ጥሩ የሚባለው 20 እና ከዚያ በላይ ስለነበረ በሰዉ ሁሉ አፍ ላይ ያለው ያ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግን መለኪያው ተቀየረ። አሁን ዝቅተኛው 200፣ ከፍተኛው 600 ነው። ድንገት የመጣ ነገር አይደለም፤ ቀድሞ የተነገረ ለውጥ ነው። እኔ ውሉን የፈረምኩት በዚያው ዓመት የጥምቀት ሰሞን፣ ፈተናውን የምቀመጠው ደግሞ በጁን። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚመጣውን ያያል። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሏችኋል፤ እኔ ዲግሪ ያለው በሬ ነበርኩ።

ምልክቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ነበር። አስተማሪውን ሁላችንም «ዶክተር» እንለዋለን። የምን ዶክተር እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላየሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ዘቅዛቃ ሜዳ ሣለና የኒውተንን ሕግ ጀመረ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ፊዚክስ ተማርን። ከመካከላችን አንዲት ከሁላችንም የምታንስ ልጅ እጇን አውጥታ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ በዲኤቲ ፊዚክስ አለ እንዴ?» አለችው። ጠመኔውን አስቀመጠና ቀስ ብሎ «ለሐኪም ፊዚክስ አያስፈልግም ያለሽ ማን ነው?» አላት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይጋላል፤ ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። ልጅቷ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም።

በዲኤቲ ፊዚክስ የለም። አንድም ጥያቄ የለም። የተፈጥሮ ሳይንሱ ክፍል 40 ባዮሎጂ፣ 30 አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ 30 ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው፤ መቶ ጥያቄ በ90 ደቂቃ። ፊዚክስ ያለው በሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያውና በዓይን መነጽር ባለሙያዎቹ ፈተና ነው። ሰውዬው የሌላ ፈተና ማስታወሻ ይዞ ነበር የሚያስተምረን። ይህን ለማወቅ ማህበሩ በነጻ የሚያወጣውን የተፈታኞች መመሪያ ከፍቶ ማየት በቂ ነበር። እኔ የከፈትኩት ከፈተናው አራት ቀን በፊት፣ የትኛውን መታወቂያ ይዤ እንደምሄድ ለማየት ነው።

በአንጻሩ የጥርስ ሕክምናን ፈተና ከሌሎቹ የሚለየውን ክፍል በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰው። የቅርጽና የእይታ ችሎታ የሚለካ ክፍል አለ፤ 90 ጥያቄ በ60 ደቂቃ። ለአንዱ 40 ሴኮንድ ማለት ነው። አንድ ቅርጽ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያልፍ፣ ከላይና ከፊት የታየ ነገር ከጎን ምን እንደሚመስል፣ ከአራት ማዕዘኖች የትኛው እንደሚጠብብ፣ ታጥፎ የተበሳ ወረቀት ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚሆኑ፣ ተደራርበው ቀለም የተቀቡ ኪዩቦች ስንት ስንት ጎናቸው እንደተቀባ፣ ጠፍጣፋ ንድፍ ሲታጠፍ የትኛውን ሳጥን እንደሚሠራ። እያንዳንዱ 15፣ 15 ጥያቄ። ዶክተሩ ወረቀትና መብሻ አደለንና «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፣ እያጠፋችሁ ብሱት» አለን። አጠፍን፣ በሳን፣ ዘረጋን፣ ሁሉንም አገኘን፣ ተጨበጨበ። በፈተናው ክፍል ግን የሚታጠፍ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። የሚሰጣችሁ የሚጠረግ ሰሌዳና ቀጭን ማርከር ነው። የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ፣ የመጀመሪያው የወረቀት እጥፋት ጥያቄ ሲመጣ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ኪሴ ደግሞ መግቢያው ላይ ተገልብጦ ተፈትሿል። ወረቀቱን በጭንቅላቴ ውስጥ ማጠፍ አንድም ቀን አልተለማመድኩም ነበር።

ሌላም ነበር፤ በ300 ዶላር ተጨማሪ «ባለፈው ወር የወጡ ጥያቄዎች» ይሸጡ ነበር። ያልገዛሁት ጨዋ ሆኜ ሳይሆን ገንዘብ ስላለቀብኝ ነው፤ ድህነቴን ያመሰገንኩበት ቀን ቢኖር ይህ ነው። ለፈተናው ስትመዘገቡ ጥያቄ ላለማውጣትና የወጣ ላለመጠቀም ትስማማላችሁ፤ የተገኘበት ነጥቡ ሊሰረዝ ይችላል።

ነጥቡ እንደጨረሳችሁ እዚያው ይሰጣችኋል። የእኔ የአካዳሚክ አማካይ 360፣ የቅርጹ ክፍል 310። ለማወዳደር ያህል፣ ማህበሩ የድሮውንና የአዲሱን ነጥብ የሚያመሳክር ሰንጠረዥ አውጥቷል፤ በዚያ ሲታይ 360 ከድሮው 20 በታች ነው፤ በጥቂት ሳይሆን በደንብ በታች። ወረቀቱን ይዤ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ አዘንኩ፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሆዴ ያሰብኩት «ቢያንስ ገንዘቤ ይመለሳል» የሚለውን ነው። በእቁብ ላይ እቁብ ጥዬ እደግመዋለሁ አልኩ።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ።

ያቺው ልጅ ጠረጴዛው ላይ አለች። መንደሪን ትልጣለች። ውሉን፣ የነጥቡን ወረቀትና ያተምኩትን ሰንጠረዥ አስቀመጥኩላት። ልጣጩን በውሌ ላይ አደረገች። «ምን ነበር?» አለችኝ። ገንዘብ ተመላሽ አልኳት። አራተኛውን አንቀጽ አነበበች፤ አውቃው እንደነበረ ያስታውቃል፤ ዓይኗ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ጭማቂ በነካው ጣቷ «20» የሚለው ላይ ጫን አደረገች። ከዚያ ያንኑ ጣት ወደ ነጥቤ ወረቀት ወስዳ «360» ላይ አሳረፈችው።

«አንተ ያመጣኸው ስንት ነው?» አለች።

«360።»

«360 ከ20 ያንሳል እንዴ?»

የምትቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አልቀለደችም። መለኪያው ተቀይሯል፣ ይኸው ሰንጠረዡ፣ በአዲሱ መለኪያ ባዶ ወረቀት ያስረከበ ሰው እንኳን 200 ያገኛል፣ ከ20 በታች ማምጣት የሚችል ሰው በምድር ላይ የለም አልኳት። አንዷን ክፍል መንደሪን አፏ ውስጥ ከተተችና «ውሉ ላይ ሰንጠረዥ የሚል አለ? አሳየኝ» አለችኝ። የለም። «ውሉን የፈረምከው አንተ ነህ?» እኔ ነኝ። «እንግዲህ አንብበህ ነው የፈረምከው።»

አንተ። በጥር ወር ገንዘቡን በላክሁበት ጊዜ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ወንበር ስባ ነበር ያስቀመጠችኝ። ዛሬ ቆሜ «አንተ» ሆንኩ። ታናሼ ናት፤ ምናልባት በአሥር ዓመት። ከ2,400ው ይልቅ ይህ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ራሴም አልገባኝም፤ ግን ያንገበግበኛል።

ዶክተሩን ላነጋግር አልኳት። «የለም» አለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ድምፁ ይሰማኛል። ስልክ ላይ ነበር፤ ሳቀ፣ የትውልድ ቦታ ጠየቀ፣ «ኦ፣ የእኛ ሰው ነዎት!» አለ፤ ቀጥሎም የቀሩት ቦታዎች ሁለት ብቻ መሆናቸውን ነገረው። ልጅቷም ሰማች፤ እኔ እንደሰማሁም አየች። መንደሪኗን ቀጠለች።

በሩን ገፍቼ ልገባ ይገባኝ ነበር። አልገባሁም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። አመሰግናለሁ! ውሌን እንኳ የመንደሪን ልጣጩን አራግፌ፣ አጥፌ፣ በጥንቃቄ ኪሴ ከተትኩት። አሁን ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ «20»ዋ ላይ ቢጫ እድፍ አለ፤ መኪናዬ በሙሉ መንደሪን ይሸታል።

ዶክተሩ አስቦ አጭበርብሮኛል ወይስ የድሮውን ቁጥር ሳይቀይር ረስቶ ነው? መጀመሪያ መርሳት መስሎኝ ነበር። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ነጥቡን ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን የልጅቷ ጣት ከ20 ወደ 360 ሲሄድ አልተደናገረም። ያ ጣት ይህን መንገድ ከእኔ በፊትም ሄዷል።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ዶክተሩ በአምስት ወር አንድ እውነት ነግሮናል፦ ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ኮሌጅ ሆኖ በ1840 ሲቋቋም፣ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ለዚህች 2,400 ዶላር ከፍያለሁ።

ለመድገም 60 ቀን መጠበቅ አለብኝ፤ ለፈተናው ብቻ እንደገና ከ500 ዶላር በላይ። ማመልከቻው ተከፍቷል፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ቀድሞ የመጣውን ቀድመው ስለሚያዩ እኔ ነጥብ እስካመጣ ወንበሩ እየተያዘ ነው። የዘንድሮውን ነገር ብዙም ተስፋ አላደርግም።

ምክር ካስፈለገ፦ ለማንም አንድ ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት የማህበሩን መመሪያ አንብቡ፣ ነጻ ነው። አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው የፈተናውን ክፍሎች በቃሉ ካልዘረዘረላችሁ ተነሡ። «ዋስትና» ካለ ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ያስጽፉላችሁ። በዜል አትላኩ፤ ክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባንኬን አቤት እል ነበር፤ በዜል በገዛ እጃችሁ ከላካችሁት በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ከእኔ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የተማራችሁት አሥራ አንዳችሁም ይህን ካያችሁ፣ ውላችሁን አውጡና አራተኛውን አንቀጽ እዩ። ስለ ፊዚክሱ የጠየቅሽው እህቴ ሆይ፣ አንቺም ካየሽው፣ ስለሳቅሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።