ተነሥቶ መሄድ ወይስ 4 ሜትር እርምጃ? ለአረጋውያን ጥናት ሁለት መለኪያዎች

ሁለቱም የአረጋውያንን የመንቀሳቀስ አቅም የሚለኩ ፈተናዎች ናቸው። ስቶፕዎችና የተለካ ወለል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ወንበር ብቻ ይፈልጋሉ፤ የሚያሳዩት ግን አንድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1991 የቀረበው «ተነሥቶ መሄድ»፣ አረጋዊው ከወንበር ተነሥተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረውና ተመልሰው እስኪቀመጡ ያለውን ጊዜ ይይዛል። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ ይባላል። መነሣትንና መዞርን ይፈትናል፤ ሰው የሚንገዳገደውም እዚያ ላይ ነዋ! ችግሩ፣ 15 ሰከንድ ቢመጣ ያዘገየው ጉልበት ይሁን ሚዛን ቁጥሩ አይናገርም። ሰዓቱ የሚነሣው «ይጀምሩ» ሲባል እንጂ ከወንበሩ ሲላቀቁ አይደለም፤ ለኪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ወንበሩም በክትትሉ መሐል አይቀየር።

የ4 ሜትሩ ፈተና የእርምጃ ፍጥነትን ብቻ ይለካል። በሰከንድ 0.8 ሜትርና ከዚያ በታች፣ ማለትም 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ፣ ዝቅተኛ አቅም ተብሎ ይመዘገባል። መንገዱ አጭር ስለሆነ ግማሽ ሰከንድ ብዙ ያዛባል፦ 5 ሰከንዱ 4.5 ተብሎ ቢያዝ ፍጥነቱ 0.89 ይሆናል። መጨረሻው መስመር ላይ ይቁሙ ከተባሉ ደግሞ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ፤ አልፈው እንዲሄዱ ትርፍ ቦታ ይተው።

መድኃኒት ወይም ስፖርት ያመጣውን ለውጥ ለመከታተል 4 ሜትሩ ይሻላል። ምርኩዝ በሁለቱም ይፈቀዳል፤ መጀመሪያ በምርኩዝ፣ ኋላ ያለ ምርኩዝ ከተለካ ግን ንጽጽሩ ተበላሸ።