«በካሽ እንገዛለን» ያላችሁ ሁሉ ገዢ አይደለም

አክስቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ቤቷን ለመሸጥ እያሰበች ሳለ «ቤትዎን እንዳለ በካሽ እንገዛለን» የሚል ፖስትካርድ መጣላት። ደወለች። ስልኩን ያነሳው ልጅ የአገር ልጅ ሆነ። «እማማ፣ በ30 ቀን እንጨርሳለን» አላት። በቃ፣ ልቧ አረፈ።

ውሉን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከገዢው ስም ቀጥሎ «ወይም ውሉ የሚተላለፍለት ሰው» የሚል ሐረግ አየሁና ነቃሁ። ሆልሴለር ነው። ቤት አይገዛም፤ ውሉን ለሌላ ኢንቨስተር አስተላልፎ ልዩነቱን ይወስዳል። ሐረጉን አሰረዝኩት። ልጁ ምንም ሳያንገራግር ፈረመ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ገዢ ተብሎ የተጻፈው ለዚሁ ቤት የተቋቋመ ኤል ኤል ሲ (ዕዳው ባለቤቱን በግሉ የማይነካ ድርጅት) ነበር። እንዲህ ሲሆን ውሉን ማስተላለፍ አያስፈልገውም፤ ኤል ኤል ሲውን ራሱን ይሸጠዋል። ወረቀቱ ላይ ገዢው ያው ነው፤ ከጀርባ ያለው ሰው ግን ይቀየራል። የእኔ ስረዛ ለጌጥ ቀረ።

አክስቴ በ310 ሺህ ዶላር የፈረመችበትን ቤት በ350 ሺህ እያዞረው እንደሆነ ሰማን። ይሁን፣ ያትርፍ። ግን ፈላጊ አጣ። ቀኑ ሲደርስ «ኢንስፔክሽኑ (የቤቱ ፍተሻ) አልተመቸንም» ብሎ ጠፋ። ቀብዱ 10 ዶላር ነበር። አዎ፣ አሥር! እንክሰስ ብንል ኤል ኤል ሲው በስሙ ምንም የለውም፤ ልጁም በግሉ አልፈረመም።

ሌላ ገዢ ስናገኝ ደግሞ ታይትል ካምፓኒው (የቤቱን ባለቤትነት አጣርቶ ሽያጩን የሚያስፈጽመው ድርጅት) አስቆመን። ልጁ «በዚህ ቤት ላይ ውል አለኝ» የሚል ወረቀት አስመዝግቦ ኖሯል። እሱን ለማስነሳት ጠበቃ ያዝን፤ ሁለት ወር ፈጀ። አክስቴ በካርቶን ከታሸገ ዕቃዋ መሀል ሁለት ወር ኖረች።

ገዢው ድርጅት ከሆነ «ውሉ አይተላለፍም» ማለት ብቻ አይበቃም። የድርጅቱ ባለቤት ቢቀየርም እንደ ማስተላለፍ እንደሚቆጠር ይጻፍ። ባለቤቱ በግሉም ይፈርም። ቀብዱ ጥሎት ቢሄድ የሚቆጨው ያህል ይሁን፣ ታይትል ካምፓኒው ዘንድም ይቀመጥ። ወረቀት እንዳያስመዘግብባችሁም በውሉ ከልክሉት።

ፈቃዱንም ጠይቁ። ኢሊኖይ ከ2019፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ይህን የሆልሴለር ሥራ በ12 ወር ውስጥ ደጋግሞ የሚሠራ ሰው የሪል እስቴት ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳሉ። እኛ አልጠየቅነውም። አማርኛው አዘናጋን።