የኢቨንቲንግ ውድድር ከመምረጣችሁ በፊት ስለ መሬቱ ጠይቁ፦ እንግሊዝ ውስጥ ስለማውቃቸው ሜዳዎች

ባለፈው ዓመት 8 ውድድር ተመዝግቤ የተወዳደርኩት 5ቱን ብቻ ነው። ሁለቱ በዝናብ ተሰረዙ። አንዱ ጋ ደግሞ እዛው ድረስ ሄጄ፣ ሜዳውን በእግሬ ዞሬ፣ ፈረሴን ከመኪናው ሳላወርድ ተመለስኩ። ምዝገባ ሊከፈት ሲል "የትኛው ይሻላል?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ የማውቀውን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ኢቨንቲንግን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ጋላቢ በአንድ ፈረስ ሦስት ፈተና ይወስዳል፦ ድሬሳዥ፣ የመሰናክል ዝላይና ክሮስ ካንትሪ። ድሬሳዥ ላይ ዳኛ የሚያየው ፈረሱ በእርምጃም፣ በሶምሶማም፣ በግልቢያም እንዴት እንደሚታዘዝ ነው። ዝላዩ ሲነኩት የሚወድቅ እንጨት ነው። ክሮስ ካንትሪው ግን ገላጣ ሜዳ ላይ ነው፤ ዳገት አለ፣ ቁልቁለት አለ፣ ኩሬና ቦይ አለ፣ የሚዘለለውም ግንድ ከቦታው አይነቃነቅም። እኔ ያለሁት ስፖርቱን በአገሪቱ የሚመራው ማኅበር፣ ብሪቲሽ ኢቨንቲንግ (ባጭሩ ቢኢ)፣ "ቢኢ 90" በሚለው ደረጃ ነው። ቁጥሩ የመሰናክሉ ከፍታ ነው፣ በሴንቲ ሜትር። በዚህ ደረጃ ሦስቱም ፈተና በአንድ ቀን ያልቃል።

ፈረሴ መቻል ይባላል። የተመዘገበበት ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለው፣ እቤት ግን መቻል ነው። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የፈረስ ስም፣ አባ መቻልን አስቤ ነው ያወጣሁለት። አጥንቱ ትልቅ ነው፣ ደፋር ነው፣ ግን ፈጣን አይደለም። ይሄን የምነግራችሁ አስተያየቴ ሁሉ እሱን አይቼ የሰጠሁት ስለሆነ ነው። ቀላልና ፈጣን ፈረስ ያላችሁ ሌላ ነገር ሊታያችሁ ይችላል።

ከምወደው ልጀምር፣ ከትዊዝልዳውን። ሃምፕሻየር ውስጥ፣ ፍሊት ከተማ አጠገብ ነው። ድሮ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። የ1948ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ክሮስ ካንትሪ የተካሄደው እዚህ ነው። በዚያ ኦሎምፒክ እንግሊዞች በገዛ አገራቸው ሳይቀናቸው ቀረና የቦፎርት መስፍን "ፈረሰኞቻችን የሚለማመዱበት ውድድር ያስፈልገናል" ብለው በ1949 በራሳቸው ግቢ ባድሚንተንን ጀመሩ፤ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ባለ 5 ኮከብ (የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ) ውድድሮች አንዱ እሱ ነው (የራኬቱ ጨዋታም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግቢ ነው)። እኔን ግን ወደ ትዊዝልዳውን የሚወስደኝ ታሪኩ አይደለም። መሬቱ አሸዋማ ነው። ማርች ላይ፣ ሌላው ቦታ ጭቃ ሆኖ መኪና በትራክተር ሲጎተት፣ እዚህ ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል። መቻል ሰኮናውን ሲያሳርፍ አይንሸራተትም፣ ስለዚህ አያመነታም። የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ላይ ከምንም በላይ የምፈልገው ይሄንን ነው፤ ፈረስ በመጀመሪያው ቀን ከፈራ ያንን ፍርሃት ለማስረሳት ሁለት ወር ይፈጃል። 10 ከ10 የማልሰጠው በአንድ ምክንያት ነው። ሜዳው ወጣ ገባ ነው፣ የእንግሊዝን ክረምት፣ ብርዱን ወራት፣ በደንብ ያልሠራ ፈረስ ዳገቱ ላይ ትንፋሹ ያልቃል። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ዳገት ካላስለመዳችሁት ለመጀመሪያ ውድድር አትውሰዱት።

ዳገት ለምን እንደሚያሳስበኝ በነጥብ ላሳያችሁ። ኢቨንቲንግ የቅጣት ነጥብ ነው፣ ያነሰው ያሸንፋል። ድሬሳዥ ላይ 68 ከመቶ ካገኛችሁ 32 ቅጣት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ዝላይ ላይ አንድ እንጨት ከወደቀ 4 ይጨመራል። ፈረሱ ክሮስ ካንትሪ ላይ አንድ መሰናክል እምቢ ካለ 20። ከተሰጠው ሰዓት በላይ ለቆያችሁበት እያንዳንዱ ሰከንድ ደግሞ 0.4። ትንሽ ትመስላለች። ግን 30 ሰከንድ ዘገያችሁ ማለት 12 ነጥብ ነው፣ ሦስት እንጨት እንደመጣል ማለት ነው። እንደ መቻል ያለ ፈረስ ዳገታማ ሜዳ ላይ 30 ሰከንድ ማጣት አይከብደውም። እና ቦታ ስትመርጡ ከድሬሳዥ ልምምድ የማይተናነስ ነጥብ እየመረጣችሁ ነው።

አስተን ለ ዎልስ ኖርዛምፕተንሻየር ውስጥ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ስለሚያዘጋጅ አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላ ታገኛላችሁ። ደጋግሞ መሄዱ ለፈረሱ ጥሩ ነው፤ ቦታውን ስለሚያውቀው ከመኪና ሲወርድ አይደነግጥም፣ ይሄ ደግሞ ድሬሳዡ ላይ ይታያል። ወጣት ፈረስ ያለው ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይሄንን ነው።

ቢክተን ዴቨን ውስጥ ነው፣ ለእኔ ሩቅ ነው። በ2021 በርግሊ የሚባለው ሌላው ባለ 5 ኮከብ ውድድር በኮቪድ ምክንያት ሲቀር ተክቶ ያዘጋጀው ይሄ ቦታ ነው። ያኔም ያወራው ሁሉ ስለ ዳገቱ ነበር። መሬቱ ግሩም ነው፣ ግን ለእንግሊዝ በጋ፣ ለሞቃቱ ወራት መጨረሻ፣ ፈረሱ ጉልበቱ ሲሞላ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ተመለስኩበት ቦታ። ስሙን አልጠራም። ጁላይ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ዝናብ አልጣለም። የመሬቱን ሁኔታ ለማወቅ ቀደም ብዬ ስልክ ደወልኩ፣ "ጥሩ ነው፣ ትንሽ ጠንከር ይላል" አሉኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቼ ደረስኩና ኮርሱን በእግሬ ስዞር ተረከዜን መሬቱ ላይ ብጫነው ምልክት እንኳ አልተወም። ሲሚንቶ በሉት። ውሃ አላጠጡትም፣ አላላሉትም። ከቁልቁለት በኋላ የሚዘለል ግንድ ነበር፣ የፈረሱ ክብደት በሙሉ እዚያ ጠንካራ መሬት ላይ በፊት እግሩ የሚያርፍበት። አስር ደቂቃ ቆሜ አየሁት። ከዚያ መቻልን ውሃ አጠጥቼ ወደ ቤት ነዳሁ። የመግቢያው ወደ 100 ፓውንድ፣ ነዳጁ፣ የእረፍት ቀኔ፣ ሁሉም ሄደ። ቅሬታዬን በኢሜይል ጽፌ መልስ የመጣልኝ ከአንድ ወር በኋላ ነው፣ እሱም "አዝናለን" ብቻ። ገንዘቡ አይደለም የሚያናድደኝ። ስልክ ላይ እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ ከቤቴ አልወጣም ነበር።

አጎቴ እንጅባራ ነው ያለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከፈረስ ጋር የኖረ ሰው ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ፈረሱን አስጊጦ የሚወጣው ዛሬም እሱ ነው። ውድድር አለብኝ ስለው ስንተኛ ትወጫለሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። "አንቺ ልጅ፣ መሬቱ እንዴት ነው?" ነው የሚለኝ። የዚያን ቀን ማታ ደውዬ ሳላወርደው ተመለስኩ ስለው "እንኳንም" አለኝ። እኔም የምዝገባ ቅጽ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ይሄንን ሆኗል፦ አሸዋ ነው፣ ኖራ ድንጋይ ነው፣ ወይስ ሸክላ አፈር? ሸክላ አፈር በዝናብ ይቦካል፣ በፀሐይ ይደርቃል። ሜይና ጁን ላይ ብቻ፣ መሃል ላይ ሲሆን፣ ደስ ይላል። ዝናቡ ደግሞ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ባድሚንተን ራሱ በ2012 ሜዳው ውሃ ስለተኛበት ተሰርዟል። ውድድር ሲሰረዝ ስንት ብር እንደሚመለስላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ።

ሌላው ያጠፋሁት ጥፋት ባድሚንተንን ማሳደዴ ነው። በየዓመቱ ከትልቁ ውድድር ጋር በአንድ ሳምንት ለቢኢ 90 እና ለቢኢ 100 ጋላቢዎች የራሳቸው ሻምፒዮና እዚያው ይደረግላቸዋል። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ለክልል ፍጻሜ ማለፍ ያስፈልጋል። እኔም ማለፊያውን ለማግኘት ብዬ መቻልን ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ ውድድር አስገባሁት። በሁለተኛው ማግስት ጠዋት ግራ የፊት እግሩን ስዳብሰው ይሞቃል። ሐኪም መጥታ ጅማቱ ደህና እንደሆነ እስክትነግረኝ ድረስ ምግብ አልበላሁም። ከዚያ ወዲህ በሁለት ክሮስ ካንትሪ መካከል ሦስት ሳምንት እሰጠዋለሁ፣ ማለፊያው ቢመጣም ባይመጣም።

ስለ ዕጣው አንድ ነገር። ከቦታው በላይ ሰው ከተመዘገበ ዕጣ ይወጣል፣ ያልደረሰው ይቀራል። ይሄ የሚያጋጥመው በብዛት ዓመቱ ሲጀመር ነው፣ ምክንያቱም ክረምቱን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ውድድር ሁለተኛ አማራጭ ያዙ፣ ቀኑንም አታዘግዩ። በጋ መሃል ላይ ግን ቦታ አይጠፋም፣ ተረጋግታችሁ የአየር ትንበያውን አይታችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ።

ዘንድሮ የያዝኩት 6 ነው። ማርች ላይ ትዊዝልዳውን፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ አስተን ለ ዎልስ፣ ጁን ላይ አንድ ሸክላ አፈር የሆነ ግን ለቤቴ ቅርብ የሆነ ሜዳ፣ ጁላይን ሙሉ እረፍት፣ ሴፕቴምበር ላይ እንደገና ትዊዝልዳውን፣ መቻል ጉልበቱ ከደረሰ ደግሞ መጨረሻ ላይ ቢክተን። ቢክተንን በእርሳስ ነው የጻፍኩት። የትዊዝልዳውን ምዝገባ ሲከፈት የዚያኑ ቀን እከፍላለሁ፤ ከዚያ ዳገት ፍለጋ እንወጣለን።